ኪስ ሳይጎዳ፣ ዓሣም ሳያመልጥ፦ የዓሣ ማጥመጃ ሮለር እንዴት እንምረጥ?

(በማኅበራችን የወላጆችና የልጆች ቀን፣ በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ ንግግር መስማት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ልጆቹም ኳሳቸውን ጥለው ነው የመጡት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ እንግባ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች ታዩአቸዋላችሁ። 12 ናቸው። ባለፈው ዓመት ወደ ኪኔሬት ዓሣ ለማጥመድ ስንሄድ ከእናንተ በተዋጣ ገንዘብ የገዛናቸው የክር መጠቅለያ መዘውሮች ናቸው። እዚህ አገር በየሱቁ «ሮለር» ይባላሉ፤ እኛም ሮለር እያልን እንቀጥላለን። ከ12ቱ ዛሬ የሚሠሩት 4 ብቻ ናቸው። የቀሩት 8ቱ ለምን እንደሞቱ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን ብናደርግ እንደሚሻል ልንነግራችሁ ነው የቆምነው።

ከዚህ ትንሽ ራመድ ብላችሁ የከነዓናውያንን በር አይታችኋል አይደል? ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ1850 ገደማ የተሠራ ነው። ከጭቃ ጡብ የተሠራው ቅስቱ 4,000 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የእኛዎቹ ሮለሮች ግን አንዳንዶቹ አንድ ቀን እንኳ አልዋሉም። እየሳቃችሁ ነው፤ እኛም አሁን እንስቃለን። ያን ቀን ግን አልሳቅንም።

ባለፈው ዓመት የሆነው

ነገሩ እንዲህ ነው። 12 ወላጆች 75 ሸቀል፣ 75 ሸቀል አዋጡ። 900 ሸቀል ሆነ። እኛ አስተባባሪዎቹ ደግሞ ዘንግ፣ ሮለር፣ ክርና መንጠቆ አንድ ላይ የታሸገበት ርካሽ ካርቶን አገኘን። ካርቶኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ሥዕል አለ፤ «12 ኩሽኔታ» የሚል ጽሑፍም አለ። ሳንከፍት፣ ሳንነካ፣ የሚያውቅ ሰው ሳንጠይቅ ገዛን። በአንድ ቀን ሥራውን ጨረስን ብለን ኮራን።

ኪኔሬት ደርሰን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአንዱ ልጅ ሮለር እጀታ ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። የሌላው የክር መመለሻ ቀስት አልዘጋም አለ። ከዚያ ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ የሆነ አንድ ወንድማችን ዓሣ ያዘለት። ዘንጉ ጎበጠ። ሁላችንም ሮጠን መጣን። አባቱ ያን ቀን የሥራ ተራቸውን ትተው፣ የቀን ደመወዛቸውንም ትተው አብረውት መጥተው ነበር። ዓሣው ሲስብ ክር መልቀቅ የነበረበት የሮለሩ ፍሬን ነክሶ ቀረ። ክሩ ተበጠሰ። በቃ።

ልጁ ዘንጉን ጣለና አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ብናባብለው፣ ብንለምነው አልወጣም። «ሮለሩ ተበላሸብኝ» አላለም። «እኔ አልችልም» ነው ያለው። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች ቃል የመጣ ነው። ጀማሪ ሰው መጥፎ ዕቃ ሲይዝ ጥፋቱን ከዕቃው አይፈልግም፤ ከራሱ ነው የሚፈልገው።

አባቱ ምንም አልተናገሩም። የደንቢያ ሰው ናቸው፤ ከጣና ብዙም ሳይርቁ ነው ያደጉት። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሡ፣ የተበጠሰውን ክር ጠቀለሉበት፣ መንጠቆና ትንሽ የእርሳስ ክብደት አሰሩ። በእጃቸው አዙረው ወረወሩት። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንድ ዓሣ አወጡ። ይህን ጊዜ ልጁ ከአውቶቡሱ ወረደ።

«አባዬ፣ ይህን ደግሞ የት ተማርከው?»

«ልጄ፣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እንግዲህ «ጠርሙስ ይበቃናል፣ ሮለር አንግዛ» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። አልተሳሳተም፤ ዓሣ በጠርሙስም ይያዛል። ልጆቻችን ግን በዘንግና በሮለር መማር ይፈልጋሉ፤ ራቅ አድርጎም ይወረወርበታል። በሌላ በኩል 400 እና 500 ሸቀል አውጥታችሁ ግዙ ብንላችሁ ግማሹ ልጅ ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ መሃሉን መፈለግ አለብን፤ ኪስ የማይጎዳ፣ ልጁንም የማያሳፍር። መሃሉን ለማግኘት ደግሞ ዕቃውን ማወቅ ነው።

ሮለር ማለት ምንድን ነው?

እናቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል። እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ፈትል አስቡ። እንዝርቱን ይዛችሁ ፈትሉን በጫፉ በኩል ብትስቡት እንዝርቱ መዞር ሳያስፈልገው ክሩ ተተርትሮ ይወርዳል። የዚህ ሮለር ሚስጥሩ ይኸው ነው። በ1905 ፓተንቱን ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ሰውየው ዓሣ አጥማጅ ብቻ አልነበረም፣ ብራድፎርድ በምትባለው የሱፍና የክር ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ነው ይባላል። ስለዚህ «የነጭ ዕቃ ነው፣ እኛ አናውቀውም» አትበሉ። ፈትል የሚያውቅ ሰው ሮለርን ግማሹን ያውቀዋል።

አሁን ይህን አንዱን ከፍ አድርገን እናሳያችሁ። ክሩ የተጠቀለለበት ይህ ማጠንጠኛው ነው። ይቺ ጎበጥ ያለች ሽቦ ቀስቱ ናት። ስትወረውሩ ቀስቱን ትከፍታላችሁ፤ ማጠንጠኛው ዝም ብሎ ቆሞ ክሩ በጫፉ እየወረደ ይሄዳል። እጀታውን ስታዞሩ ቀስቱ ይዘጋና ክሩን ይዞ በማጠንጠኛው ዙሪያ እየዞረ ይጠቀልለዋል። በቀስቱ ጥግ ላይ ያለችው ክሩ የሚንሸራተትባት ትንሽ ጎማ ናት። ከፊት ለፊት የሚጠብቀውና የሚላላው ቁልፍ ደግሞ ፍሬኑ ነው። ዓሣው ከክሩ አቅም በላይ እንዳይስብ፣ ክሩ ከመበጠሱ በፊት ማጠንጠኛው ተንሸራቶ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የመኪና ፍሬን ሲነክስ ምን እንደሚሆን አባቶች ታውቃላችሁ። ያ ነው የሆነብን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በእያንዳንዱ ሮለር ላይ ቁጥር አለ፦ 1000፣ 2000፣ 2500፣ 3000፣ 4000። ይህ ዋጋ አይደለም፤ መጠን ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሮለሩ ይተልቃል፣ ብዙና ወፍራም ክር ይይዛል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል እንጂ መንገዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ለእኛ የትኛው ነው? ይህ የሚወሰነው በዓሣው ነው። ከኪኔሬት ዳርቻ የምንጠብቀው በዕብራይስጥ አምኖን የሚባለውን ነው። አባቶቻችን በጣና ቆሮሶ ለሚሉት ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነው። የጣናው ቢልጫ ዘመዶችም እዚያ አሉ። ለእነዚህ 2500 ይበቃል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ግራም ስለሆነ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞት አይደክምም። ለትንንሾቹ፣ ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጆች፣ 2000 ይቀላቸዋል። እዚህ ፊት ለፊታችን ላለው ባሕር ግን ሌላ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው፤ ከባሕር ዳር ርቆ ለመወርወር 4000ና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። «አንዴ ትልቁን ልግዛና ለሁለቱም ይሁነኝ» የሚል አለ። ቀላል ዘንግ ላይ ከባድ ሮለር ቢታሰር የልጅ ክንድ ይዝላል፣ ቀጭኑን ክርም በወጉ አይወረውርም።

እግረ መንገዳችንን፣ አምባዛም በኪኔሬት አለ። ቅርፊት ስለሌለው በኦሪቱ ሕግ አንበላውም። መንጠቆ ላይ ከመጣ እጃችሁን በውኃ አርጥባችሁ፣ ሳትጎዱት፣ ወደ ውኃው መልሱት። ለአምባዛ ብላችሁ ትልቅ ሮለር መግዛት አያስፈልጋችሁም።

በሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትኑ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ካርቶን አንብባችሁ አትግዙ፤ በእጃችሁ ፈትናችሁ ግዙ። ባለ ሱቁ «አይከፈትም» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ሌላ ሱቅ አለ።

አንደኛ፣ እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ በጣም ቀስ ብላችሁ። ሻጮች በኃይል አዙረው «እንዴት እንደሚሮጥ እዩት!» ይላሉ። በፍጥነት ሲዞር ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ቀስ ሲል ነው ማርሹ እውነቱን የሚናገረው። ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ከሸከሸከ ተዉት።

ሁለተኛ፣ እጀታውን ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት። በዚህ ዋጋ ትንሽ መወዛወዝ አይጠፋም። ቋ ቋ የሚል ከሆነ ግን ውስጡ ልል ነው።

ሦስተኛ፣ ቀስቱን ደጋግማችሁ፣ አሥር ጊዜ ያህል፣ ክፈቱና ዝጉ። ሳያንገራግር መከፈትና መዘጋት አለበት። ከከፈታችሁት በኋላ እንደ መወርወር አድርጋችሁ ክንዳችሁን ወዝውዙት። በራሱ የሚዘጋ ከሆነ አትግዙት፤ በውርወራ መሃል ቢዘጋ ክሩ ተበጥሶ መንጠቆውና ክብደቱ ተወርውረው ይቀራሉ፣ ሰውም ሊጎዱ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ያቺን ትንሽ ጎማ በጣታችሁ አዙሯት። ካልዞረች ክሩ እየተፋተገባት ይሳሳል፣ ይጠማዘዛልም። ከሁሉ ትንሿ ዕቃ ናት፤ ከሁሉ የምትረሳውም እሷ ናት።

አምስተኛ፣ ፍሬኑን። ሙሉ በሙሉ አላሉት፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁት፤ በየመሃሉ ማጠንጠኛውን በእጃችሁ ሳቡት። ጥሩ ፍሬን እየጠበቀ ሲሄድ እኩል እየከበደ ይመጣል። መጥፎው ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ይህ ነው ክር የሚበጥሰው።

ስድስተኛ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ለማዞር ሞክሩ። ወዲያው መያዝ አለበት። ብዙ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ የሚይዝ ከሆነ ዓሣ ሲስብ ይንገጫገጫል።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ባለፈው ዓመት እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ቆጥበን 900 ሸቀል አባከንን።

የኩሽኔታው ቁጥር

ካርቶኑ ላይ ስለነበረው «12 ኩሽኔታ» እናውራ። ጋራዥ የሠሩ አባቶች ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ከሁለት ብረቶች መሃል ገብቶ መዞርን የሚያቀል ነው። በሮለር ውስጥም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቁጥር ጥራትን አይናገርም። በዋና ዋናው ቦታ የተቀመጡ 3 ወይም 4 ጥሩ ኩሽኔታዎች በየቦታው ከተበተኑ 10 ደካሞች ይሻላሉ። የእኛን አንዱን ፈትተን ስንቆጥር የተባለውን ግማሹን አላገኘንም። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡት፣ ግን በእሱ አትወስኑ።

ሌላው የምታዩት ቁጥር 5.2 ለ 1 የሚል ዓይነት ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ቀስቱ 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለጀማሪ በ5 ዙሪያ ያለው በቂ ነው። ከዚያ የፈጠነው ቶሎ ይጠቀልላል እንጂ ዓሣ አይጨምርም።

አካሉ ብረት ካልሆነ ብላችሁም አትጨነቁ። ጨው ለሌለው ውኃና ለዚህ መጠን ዓሣ ጠንካራ ፕላስቲክ ያገለግላል፤ አይዝግም፣ ቀላልም ነው።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ብስክሌት ያላችሁ ልጆች «ሺማኖ» የሚል ጽሑፍ ማርሻችሁ ላይ አይታችኋል። በ1921 በጃፓን፣ ሳካይ ከተማ የተመሠረተ፣ በብስክሌት ዕቃ የጀመረ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ሮለርም ይሠራል፤ ሲዬና የሚባለው ከዝቅተኛ ዋጋዎቹ አንዱ ነው። የሌላው የጃፓን ፋብሪካ የዳይዋ ክሮስፋየርም በዚያው ረድፍ ነው። እነዚህን ብቻ ግዙ እያልን አይደለም። ስማቸው የታወቀ ፋብሪካዎች ርካሽ ዓይነት እንዳላቸው እንድታውቁ ነው። ስም የሌለው ካርቶን ላይ ከሚጻፍ ትልቅ ቁጥር ይልቅ የታወቀ ፋብሪካ ትንሹ ሮለር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሲበላሽም መለዋወጫና የሚጠግን ሰው አይጠፋለትም።

ሁሉንም ገንዘብ ግን ሮለሩ ላይ አትጨርሱ። ለአዲስ ክር አስቀሩ። ጥሩ ሮለር ላይ ዓመት በፀሐይ የተቀመጠ ክር ማሰር ልፋትን ከንቱ ማድረግ ነው። ለጀማሪ 0.25 ሚሊ ሜትር የናይሎን ክር በቂ ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይችላል። የተገመደው ክር ይወደዳል፣ ለልጅ ጣትም ይቆርጣል፤ ሌላ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ። ክሩን ስትጠቀልሉ በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ከማጠንጠኛው ከንፈር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ካነሰ ሩቅ አይሄድም፤ ከበዛ በአንድ ጊዜ ይረግፍና ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆንባችኋል። ያን ለመፍታት ደግሞ የእናቶች ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ያገለገለ ሮለር መግዛትስ? ይቻላል፤ ግን አሽቀሎን መሆናችንን አትርሱ። እዚህ ያገለገለ ሮለር ብዙውን ጊዜ ባሕር ያየ ሮለር ነው። ማጠንጠኛውን አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለበት ጨው በልቶታል።

8ቱ እንዴት ሞቱ?

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ከ8ቱ በዕቃው ድክመት የሞቱት 3 ብቻ ናቸው። አንዱ አሸዋ ላይ ወድቆ አሸዋውን ሳናጸዳ ስላዞርነው ነው። የቀሩት 4 ከኪኔሬት በደህና ነው የተመለሱት። ከዚያ ልጆቹ በሰንበት ማግስት እየያዙ ወደዚህ ባሕር መጡ፤ ሳያጥቡ ወደ ቤት ወሰዱ፣ በከረጢት ዘግተው አስቀመጡ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጨው ያዛቸው። እንዲታጠቡ ማንም አልነገራቸውም። መንገር የነበረብን እኛ ነን።

ስለዚህ ይህን ያዙ። ከኪኔሬትም ሆነ ከሌላ ጨው ከሌለው ውኃ ስትመለሱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ባሕር ከነካው ግን በዚያው ቀን ይታጠብ። መጀመሪያ ፍሬኑን አጥብቁ፣ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ በቀስታ በሚወርድ የቧንቧ ውኃ እጠቡት። በኃይል በሚረጭ ጎማ አትጠቡት፤ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባልዲ ውስጥም አትንከሩት። ጥረጉት፣ ፍሬኑን አላሉት፣ በጥላ ይድረቅ። በትንሿ ጎማና በእጀታው መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ውስጡን በዓመት አንድ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ግራሶ ይቀባው። ፍሬኑን አጥብቃችሁ አታስቀምጡ፤ ሮንዴላዎቹ ተጨፍልቀው ይደክማሉ።

የጠርሙሱ ፈተና

ፍሬኑ ምን ያህል ይጥበቅ? የክሩን አቅም አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። 5 ኪሎ ለሚችል ክር 1.5 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ሊትር ተኩል ውኃ የሞላ ጠርሙስ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የክሩን ጫፍ ጠርሙሱ አንገት ላይ እሰሩ፣ ሮለሩን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። ጠርሙሱ ቀስ ብሎ ከመሬት የሚነሣ፣ ነጠቅ ስታደርጉት ግን ክር የሚለቅ ከሆነ ፍሬኑ ልክ ነው።

ይህን በእጁ የሚያሳያችሁ ያ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ወንድማችን ነው። ክረምቱን ሙሉ ከአባቱ ጋር እነዚህን ሮለሮች ሲፈታና ሲገጥም ነው የከረመው። ከ4ቱ ሁለቱን ያስነሡልን እነሱ ናቸው። አባቱ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ፣ ብሎን እያሉ በአማርኛ፣ እሱ ደግሞ ከስልኩ ያየውን በዕብራይስጥ፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ። እናቱ ምን እንዳሉን ታውቃላችሁ? «ዓሣውን ተዉት፤ ሁለቱ ማውራታቸው ይበቃኛል» አሉን።

ጥንቃቄ

ሦስት ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዛሬ እዚህ ፓርክ ውስጥ የምንለማመደው ሣሩ ላይ ነው፣ መንጠቆ አይታሰርም፤ ትንሽ የጎማ ክብደት ብቻ ነው። ቅርሶቹ ላይ መውጣት የለም።

ዓሣ ማጥመድ ሕግ አለው። የሚከለከልባቸው ወቅቶችና ቦታዎች አሉ፤ ከመሄዳችን በፊት የግብርና ሚኒስቴሩን የዓሣ ክፍል እንጠይቃለን። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። አምኖን እንቁላሉን በአፉ ይዞ ነው የሚያሳድገው፤ በዚያ ጊዜ ወላጁን የያዘ ልጆቹንም ያዘ።

የተበጠሰ ናይሎን ደግሞ አይጣልም። አይበሰብስም፤ የወፍ እግርና የባሕር ኤሊ አንገት ያስራል። ሰብስባችሁ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ትንንሾች ደግሞ ያለ ትልቅ ሰው ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ኪኔሬት አይሄዱም።

የምንጠይቃችሁ

አሁን ወደ ውሳኔው። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ሮለር እንዲገዛ አንፈልግም። ያለው ይገዛል፣ የሌለው ያፍራል፤ ያፈረው ልጅ ደግሞ «ዓሣ አልወድም» ብሎ ይቀራል። እንደዚህ ያለ ልጅ ባለፈው ዓመትም ነበረን፤ ዘግይተን ነው የገባን።

ሐሳባችን ይህ ነው። የባለፈው ዓመት ዘንጎች አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ ዘንግ አንገዛም። ያንኑ 900 ሸቀል እንደገና እናዋጣ። በ75 ሸቀል 12 ሮለር ከመግዛት እያንዳንዳቸው ከ150 ሸቀል የማያልፉ 6 ሮለሮች እንግዛ፤ መጠናቸው 2500። ከተረፉት 4ቱ ጋር 10 ይሆናሉ። ለ20 ልጆች፣ ለሁለት አንድ። አንዱ ሲወረውር አንዱ መረብ ይይዛል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የክሩን ወጪ ማኅበሩ ይችላል። ሮለሮቹ በማኅበሩ ሳጥን ይቀመጣሉ፤ የሚወስድ ይፈርማል፣ አጥቦ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ሮለር አንድ ልጅና አንድ ወላጅ ኃላፊ ይሆናሉ። ለመግዛት ስንሄድም ብቻችንን አንሄድም፤ ከአባቶች ሁለት፣ ከእናቶች አንዲት አብረውን ይሂዱ። እኛ ዕብራይስጡን እናነባለን፤ እናንተ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ታዞራላችሁ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚሉ አባት ከኋላ ይታዩናል። ልክ ነዎት አባታችን፤ ባለፈው ዓመት ዘንዶውን አውጥተነዋል። ዘንድሮ ዓሣውን እናውጣ። ሌላም ተረት አለ አይደል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። 900 ሸቀል ለአንድ ቤት ብዙ ነው፣ ለ12 ቤት ግን ይቻላል።

የሚስማማ እጁን ያንሣ። የማይስማማም ይናገር፤ እንሰማለን። ከዚያ ጠርሙሱን ያዙና ወደ ሣሩ እንሂድ፤ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ሳትወርድ ሁሉም ልጅ አንዳንድ ጊዜ ይወርውር። አባቶችም ተራ ያዙ።